የድሮ ፓጄሮ የፎርዊል መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት የቫኪዩም ቱቦዎቹን እንዴት ልፈትሽ?

የማርቆሱ፦
ጤና ይስጥልኝ ወገን። ያለችኝ የድሮዋ ፓጄሮ ናት፣ 2.5 ናፍታ፣ በፈረንጅ የ1996 ስሪት። ከ2ኤች (በኋላ ጎማ ብቻ) ወደ 4ኤች (በአራቱም ጎማ) ስወስዳት ዳሽቦርድ ላይ የኋላ ጎማዎቹ መብራት ቀጥ ብሎ ይበራል፣ የፊቶቹ ግን ብልጭ ድርግም እንዳሉ ይቀራሉ፣ ጭቃ ስገባም የፊት ጎማ አይጎትትም። በዛ ላይ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ደጋግሜ ስረግጥ ፔዳሉ ይደነድናል። ጋራዥ ሳሳያት ካምቢዮ ካልወረደ አይታወቅም አሉኝ። እኔ ኮፈኑን ከፍቼ ሳይ ግን ቀጫጭኖቹ የቫኪዩም ቱቦዎች ደርቀዋል፣ ጠምዘዝ ሳደርጋቸው ይሰነጠቃሉ፣ አንድ ቦታ ላይማ በግሉኮስ ቱቦ ተቀጥሏል። ክረምቱ እየገባ ነው፣ ሥራዬ ደግሞ ቢቸናና ሞጣ በኩል ገጠር ለገጠር ነው፣ ያ ዋልካ መሬት አንዴ ከራሰ ያለ ፊት ጎማ አይሞከርም። ከየት ልጀምር?

ጣና ዳር፦
ካምቢዮውን ለጊዜው ተወው ወንድሜ። በዚህች መኪና የፊት ዲፈረንሻል ላይ ፍሪዊል አለ፣ 2ኤች ላይ አንደኛውን የፊት ሻፍት ይፈታዋል 4ኤች ስታስገባት መልሶ ይይዘዋል፣ እሱን የሚገፋው ደግሞ በቫኪዩም (አየር በመሳብ) የሚሠራ ዲያፍራም፣ ማለትም ውስጡ ስስ የጎማ ሽፋን ያለው ገፊ ነው። መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ የሚቀረው ማርሹ ገብቶ ፍሪዊሉ ሳይዝ ሲቀር ነው። ቤንዚን መኪና ቫኪዩሙን ከማኒፎልድ (ሞተሩ አየር ከሚስብበት ቧንቧ) ያገኛል፣ ያንተዋ ናፍታ ስለሆነች ከዲናሞው ጀርባ ካለው ፓምፕ ነው የምትወስደው፣ ያው ፓምፕ ነው ለፍሬኑ ሰርቮም (የፔዳሉ አጋዥ) የሚሰጠው። ፎርዊሉና ፍሬኑ አብረው መታመማቸው ነው ቱቦ እንድጠረጥር ያደረገኝ።

መጀመሪያ ይሄን አድርግ። ከሰርቮው ወፍራም ቱቦ ወደ ፎርዊል የሚገነጠለውን ቀጭን ቱቦ ንቀለውና ጫፉን በልኩ ቡሎን ድፈነው። ከዛ ሞተር አጥፍተህ ፔዳሉን እስኪደነድን ደጋግመህ ርገጥ፣ እግርህን ሳታነሳ አስነሳት፣ ፔዳሉ ከእግርህ ስር ትንሽ መስመጥ አለበት። ትንሽ አሠርተህ አጥፋና እንደገና ርገጥ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት እርግጫዎች ለስላሳ ከሆኑ ሰርቮውና ቼክ ቫልቩ (አየር ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው) ደህና ናቸው፣ ፍሳሹ ያለው ፎርዊል በኩል ነው ማለት ነው።

ከዛ ከፋርማሲ ትልቁን ሲሪንጅ ግዛ፣ 50 ወይ 60 ሚሊ ሊትሩን። ፍሪዊሉ ዲያፍራም ላይ የሚገቡት ሁለት ቱቦዎች ናቸው፣ ከመንቀልህ በፊት በስልክ ፎቶ አንሳና በፕላስተር ምልክት አድርግ ምክንያቱም ከተቀያየሩ ሥራው ይገለበጣል፣ 2ኤች ላይ ይይዛል 4ኤች ላይ ይፈታል። በሲሪንጁ እያንዳንዱን ጎን ሳብና ያዝ፣ ለቀህ ስታየው ፒስተኑ ወደ ቦታው ከተመለሰ ጎኑ ይይዛል፣ ባለበት ከቀረ ያፈሳል። ቱቦዎቹንም አንድ በአንድ ጫፋቸውን በጣትህ ዘግተህ እንደዛው። ሁለቱን ሶሌኖይዶች (ቫኪዩሙን የሚከፍቱና የሚዘጉ የኤሌክትሪክ ቫልቮች) ቱቦዎቹን ተከትለህ ወደ ላይ ስትወጣ ታገኛቸዋለህ፣ ባትሪ 12 ቮልት ስትሰጣቸው ቀጭ ማለት አለባቸው። ቤንዚን እየረጨህ የሞተሩን ድምፅ አዳምጥ የሚልህ ካለ እንዳትሰማው፣ በጋለ ሞተር ላይ እሳት ነው፣ ናፍታ ላይ ደግሞ ምንም አይነግርህም። የሳሙና ውሃም አይረዳህም፣ ቫኪዩም ወደ ውስጥ ስለሚስብ አረፋ አይሠራም።

ደጀን ቁልቁለት፦
ጣና ዳር ባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ ሳይስተካከል አባይ በረሃን እንዳትወርድ ወንድሜ። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የምትወርደው፣ እዛ መሀል ሰርቮ ከከዳህ ፍሬኑ ጨርሶ አይጠፋም ግን በሁለት እግር ብትረግጠውም ማቆሙ ከባድ ነው። ግድ ከሆነብህም ያቺን ቀጭን ቱቦ ደፍነህ፣ ፔዳሉ መስተካከሉን ፈትሸህ፣ ከላይ ጀምረህ በከባድ ማርሽ ውረድ።

የማርቆሱ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ደፍኜ ሞከርኩ ፔዳሉ ወዲያው ተመለሰ! አሁን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው፣ አንድ ባለሙያ ጌጅ አምጥቶ ፓምፑ ላይ ለካልኝና 20 ኢንች አነበበ፣ መጽሐፉ ላይ ከ25 በላይ ነው የሚለው ስለዚህ ፓምፑ አልቋል ከነዲናሞው ይቀየር አለኝ። ዋጋውን ታውቁታላችሁ።

ጮቄ ስር፦
እንዳትገዛ! ፓምፕህ ጤነኛ ነው። ቫኪዩም ማለት በውጭ ባለው አየርና ቱቦው ውስጥ በቀረው መካከል ያለው ልዩነት ነው፣ ስለዚህ ከውጩ የአየር ግፊት በላይ ማንም ፓምፕ ሊስብ አይችልም። ባህር ጠለል ላይ ግፊቱ ወደ 30 ኢንች ሜርኩሪ ነው፣ መጽሐፉ የሚያወራው ስለዛ ነው። ማርቆስ 2,400 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው፣ እዛ ጠቅላላው ግፊት ራሱ 22 ኢንች ገደማ ነው፣ ከ22 ውስጥ 20 የሚስብ ፓምፕ ምን ጎደለው? ጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ብትለካው ደግሞ ጣሪያው ወደ 18 ይወርዳል። በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ገደማ ቀንስ በቃ። በዚሁ ምክንያት እኛ ደጋ ላይ የማንኛውም መኪና ሰርቮ ቆላ ካለው ትንሽ ደከም ይላል፣ ስለዚህ እዚህ አገር ቱቦ ትንሽ ካፈሰሰ ቶሎ ነው የሚታወቅህ። በዚህ ጉዳይ ስንት ሰው ደህና ፓምፕ አውጥቶ እንደጣለ ሳስብ ያናድደኛል። ይልቅ ለፓምፑ ዘይት የምታደርሰው ቀጭን ቱቦ እንዳታፈስ እያት፣ ፓምፕ የሚገድለው ዘይት ማጣት ነው።

የማርቆሱ፦
አገኘሁት! ዲያፍራሙ በሁለቱም ጎን ይዟል፣ ሶሌኖይዶቹም ቀጭ አሉ። አንደኛው ቱቦ አክሰሉ ጋ ሲደርስ ከብረቱ ጋር እየተፋተገ በስተጀርባው ተበልቷል፣ ከላይ ሲታይ ምንም የለውም ሲሪንጁ ነው ያጋለጠው። የግሉኮስ ቱቦውም በሙቀት ልሞ ተጣብቋል። ሁለቱን ቀየርኩ፣ 4ኤች አስገብቼ ትንሽ እንደሄድኩ የፊቶቹ መብራት ቀጥ ብሎ በራ። የቀሩትን በምን ልቀይራቸው?

ጣና ዳር፦
ደስ ይላል! ለቀጫጭኖቹ ውስጡ 4 ሚሊ የሆነ ግድግዳው ወፈር ያለ የቫኪዩም ጎማ ቱቦ፣ አሮጌውን ቆርጠህ ይዘህ ሂድና ኒፕሉ (ቱቦው የሚሰካበት ጫፍ) ላይ ጠበቅ ብሎ የሚገባውን ምረጥ። ሁሉንም ባንድ ቀን አትንቀል፣ አንዱን አውጥተህ አንዱን አስገባ። አክሰሉ ጋ ያለውን እንዳይወጠር ትንሽ ረዘም አድርገውና ከብረቱ አርቀህ እሰረው። የሰርቮውን ወፍራሙን ግን ለፍሬን ሰርቮ ተብሎ በተሠራው ብቻ ቀይር፣ የውሃ ቱቦ ሲሳብ ይጨመደዳል፣ በሁለቱም ጫፍ ፋሸታ ይኑረው፣ ቼክ ቫልቩም ላይ ያለው ቀስት ወደ ፓምፑ ይዙር።