ማርሚታዬ ወደቀ፤ ከቀየርኩ አይቀር ጉልበት የሚጨምር ልግጠም?

የኮሮላው ልጅ፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፤ መኪናዬ ጋራዥ ቆማለች። ዛሬ ጠዋት የኋላው ማርሚታ (የጭሱን ድምፅ የሚያፍነው) ዝጎ ኖሮ ከቧንቧው ተቆርጦ ወደቀ። መካኒኩ ሁለት ምርጫ ሰጥቶኛል። አንዱ እንደ ድሮው ያለ ተራ ማርሚታ ነው። ሌላው ሰፊ ቧንቧ ያለው ስፖርት ማርሚታ ነው፤ "ጉልበት ይጨምርልሃል" ብሎኛል። ከሱ ጋር ያን ሾጣጣ የአየር ፊልትሮ ብገጥም ደግሞ ይበልጥ ትፈጥናለች ይባላል። መኪናዋ አሮጌ ናት፤ በየቀኑ ሥራ የምሄደው በሷ ነው። ገንዘቤ ትንሽ ስለሆነ ሁለቱንም መግዛት አልችልም። ዳገት ላይ በጣም ትደክማለች። የትኛውን ላስቀድም? እስከ ማታ ወስን ብሎኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ማርሚታው ከወደቀ ወዲህ የፈጠነች መሰለኝ። ስለዚህ ሰፊው የሚያዋጣ ይመስለኛል።

ሦስተኛ ማርሽ፦
ኮሮላ መሆኗን ከስምህ ገመትን። ሞዴሏስ? ሞተሯ ስንት ነው? ማንዋል ናት ኦቶማቲክ? ስንት ኪሎ ሜትር ሄዳለች? "ትደክማለች" ስትል ድሮም እንደዚሁ ነበረች ወይስ አሁን የመጣ ነው? ይህን ሳትነግረን የምንሰጥህ መልስ ሁሉ ግምት ነው።

ቦቢና፦
ካንዴላ ቀይር።

ነፋስ፦
"ስፖርት" የሚል ስቲከር ለጥፍባት። ከሾጣጣው ፊልትሮ እኩል ይሠራል፣ ዋጋውም ይቀንሳል።

ጋሽ ሞተር፦
ልጄ፣ ሳትቸኩል ይህን አንብብ። ሞተር አየር ይስባል፣ ከነዳጅ ጋር ያቃጥላል፣ ጭሱን ያስወጣል። 1.6 ሊትር ሞተር በደቂቃ 3000 ዙር ሲዞር ቢበዛ 2400 ሊትር ያህል አየር ነው የሚስበው። ለዚህ ፋብሪካው የገጠመው ፊልትሮና ቧንቧ በደንብ ይበቃል። ቱርቦ በሌለው ትንሽ ሞተር ላይ ቧንቧውን ብታሰፋ ጥቅሙ፣ ካለም፣ የሚታየው ዙሩ ከፍ ሲል ነው። በየቀኑ የምትነዳው ግን በዝቅተኛ ዙር ነው። እዚያ ላይ በጣም ሰፊ ቧንቧ የጭሱን ፍጥነት ይቀንሰዋል፤ ዳገት ላይ የምትፈልገውን ጉልበት ሊወስድብህ ይችላል።

ሾጣጣው ፊልትሮም እንዲሁ ነው። የፋብሪካው ፊልትሮ ቀዝቃዛ አየር የሚስበው ከፊት፣ ከመብራቱ አጠገብ ነው። ሾጣጣውን ኮፈን ሥር እንዲሁ ካቆምከው የሞተሩን ሙቀት ይስባል። አየር በ3 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ክብደቱ በ1 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በትራፊክ መጨናነቅ ኮፈን ሥር የሚኖረውን ሙቀት አስበው። ድምፁ ይጨምራል፣ ጉልበቱ ግን ይቀንሳል። የድሮው ፊልትሮ ከቆሸሸ ንጹሕ ወረቀት ቀይርለት፣ ይበቃዋል።

ሩቅ መንገድ፦
ጋሽ ሞተር ያሉት ልክ ነው። እኔ የማልቀበለው የጥያቄውን መነሻ ነው። "ማርሚታው ሲወድቅ ፈጠነች" ያልከው የጆሮ ነገር ነው። መኪና ሲጮህ ሁሉም ሰው የፈጠነ ይመስለዋል። ማወቅ ከፈለግህ ለካው። ሜዳ የሆነና ሰው የሌለበት መንገድ ፈልግ። በሦስተኛ ማርሽ ከ40 ወደ 80 እስክትደርስ አጠገብህ የተቀመጠ ሰው የፍጥነት ቆጣሪውን በስልክ ይቅረጽ። ነፋሱና የማይታየው ቁልቁለት እንዳያታልልህ መልሰህ በተቃራኒ አቅጣጫ ንዳ። ሰከንዱን ቁጠር። ከዚያ በኋላ ስለ ማሻሻያ እናውራ።

ፍሬን ያዢዋ፦
ወንድሜ፣ ማርሚታ የሌላትን መኪና እየነዳህ ከሆነ መስኮቶቹን ክፈት። ሞተሩን አስነስተህ ዝግ ቦታ ውስጥ አትቁም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሳታውቀው ይጥልሃል። ይህን ማንም ስላላነሳ ነው ያስቀደምኩት።

ሁለተኛ፣ የምትደክም መኪና ሁልጊዜ የሞተር ችግር ያለባት አይደለችም። አንድ ፍሬን ይዞ ከቀረ ዳገት ላይ በትክክል እንዲህ ትሆናለች። ጥቂት ከነዳህ በኋላ ቁም። እጅህን ሳታስነካ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጋ። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከሞቀ ያ ፍሬን አልለቀቀም። የጎማውን ነፋስም በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ በተለጠፈው ቁጥር ልክ አድርግ። ሁለቱም ብዙ አያስወጡም።

ፈጣኑ፦
ከፍ ያለ ኦክቴን ቤንዚን ቅዳ፤ ወዲያው ልዩነት ታያለህ።

ጋሽ ሞተር፦
ፈጣኑ፣ ይህ ስህተት ነው። ኦክቴን ነዳጁ ያለጊዜው እንዳይፈነዳ የሚከላከልበት ልክ ነው እንጂ በውስጡ ተጨማሪ ጉልበት የለውም። በተራ ቤንዚን እንዲሠራ የተሠራና የማያንኳኳ ሞተር ውስጥ ውድ ቤንዚን መጨመር ገንዘብ ማቃጠል ነው።

የኮሮላው ልጅ፦
አመሰግናለሁ። 98 ሞዴል፣ 1.6፣ ማንዋል ናት። ከ240 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሄዳለች። ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ቤት ያለሁበትን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ትወጣው ነበር። ከጥቂት ወራት ወዲህ ሁለተኛ ካላስገባሁ ትሞታለች። ቤንዚንም መብላት ጀምራለች። ጠዋት ሲነሳ ሚኒሞው (ቤንዚን ሳልረግጥ ያለው ዙር) ይንቀጠቀጣል፤ ሲሞቅ ይተዋል። ቢጫዋ የሞተር መብራትም አልፎ አልፎ ትበራለች። ግን የጠየቅኩት ስለ ማርሚታው ነው፤ ይህ ምን ያገናኘዋል?

ቦቢና፦
ካንዴላ ቀይር። የካንዴላ ገመዶቹንም። ቅድም ያልኩት ይኸው ነበር።

ሚኒሞ፦
በጣም ይገናኛል እንጂ! ቁልፉን ነገር አሁን ነው የተናገርከው። ድሮ ትወጣው የነበረውን ዳገት አሁን ካልቻለች ማሻሻያ አይደለም የሚያስፈልጋት፤ ታማለች። የታመመ ሞተር ላይ የምትገጥመው ዕቃ ሁሉ ገንዘብህን ይበላል።

ሩቅ መንገድ ይቅርታ ያድርግልኝና፣ "የጆሮ ነገር ነው" ብለን ባንዘጋው ይሻላል። ማርሚታው ውስጡ ተደፍኖ ከነበረ መኪናዋ ሲወድቅላት በእውነት ትፈጥናለች። ይህን ለማወቅ ገንዘብ አያስፈልግም። የወደቀውን ማርሚታ መካኒኩ ሳይጥለው አንሳው። ወደ ታች ዘቅዝቀህ አራግፈው። ድምፁን ስማ፤ የሚወጣውን እይ። የሚወጣው ቡናማ የዝገት ቅርፊት ብቻ ከሆነ እሺ። ሌላ ነገር ከወጣ ተመልሰህ ንገረን።

ሩቅ መንገድ፦
ሊሆን ይችላል። ግን መለካቱ አሁንም ይጠቅማል። ማርሚታ ሳይኖራትና ማርሚታ ገጥማ ሁለቱንም ብትለካ መልሱ በቁጥር ይወጣል።

ሦስተኛ ማርሽ፦
ስለ ሰፊው ማርሚታ ደግሞ እኔ ጥቂት እለያለሁ። "ሰፊ" ሁሉ መጥፎ አይደለም። ከድሮው በጥቂት ሚሊ ሜትር የሚበልጥና መታጠፊያው ላይ ያልተጨፈለቀ ቧንቧ ጉዳት የለውም። ርካሽ ብየዳ ቤት የሚታጠፈው ቧንቧ ግን ብዙ ጊዜ መታጠፊያው ላይ ይጠብባል። ከውጭ ሰፊ ይመስላል፣ ጭሱ የሚያልፍበት ግን ጠባብ ነው። ስለዚህ መታጠፊያውን አይተህ ግዛ። ጎረቤቶችህንም አስብ፤ ጠዋት ጠዋት የምትነሳው አንተ ብቻ አይደለህም።

የኮሮላው ልጅ፦
አራገፍኩት። ውስጡ ይንኮሻኮሻል። ግራጫ ነገር ወጣ፤ የተሰበረ ሸክላ ይመስላል፣ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ። መካኒኩ "ዝገት ነው፣ አትጨነቅ" አለኝ። ጋራዡ ሊዘጋ ነው።

ሚኒሞ፦
ዝገት ቀዳዳ ቀዳዳ አይሆንም! ያ የካታሊስትህ፣ የጭሱን መርዝ የሚቀንሰው ዕቃ፣ ሆድ ነው። ተሰባብሮ በቧንቧው ወርዶ ማርሚታው ውስጥ ተከማችቷል። መኪናህን አፍኗት የነበረው እሱ ነው። ፈጠነች ያልከው እውነት ነበር።

ጋሽ ሞተር፦
ሚኒሞ በደንብ አይተሃል። አሁን ግን ልጄ፣ ካታሊስቱ ለምን ተሰበረ ብለህ መጠየቅ አለብህ። ካልጠየቅህ አዲሱም ይሰበራል። አንድ ሲሊንደር እሳት ሲስት ነዳጁ ሳይቃጠል ያልፍና ካታሊስቱ ውስጥ ገብቶ ይቃጠላል። ካታሊስቱን ከ1000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊያሞቀው ይችላል። ሸክላው ይህን ደጋግሞ አይችለውም፤ ይቀልጣል ወይም ይሰነጠቃል። ጠዋት መንቀጥቀጡ፣ ቤንዚን መብላቱ፣ መብራቷ፣ ሁሉም ወደዚያ ያመለክታሉ። ቦቢና በሁለት ቃል የተናገረው ትክክል ነው፤ ሲሊንደሩ ውስጥ እሳቱን የሚሰጠው ካንዴላው ነው። ምክንያቱን ቢነግረን ኖሮ ቀድመን እንሰማው ነበር።

ቦቢና፦
እሺ ጋሼ፣ ላብራራ። አራቱንም ካንዴላ ፍታ። የወጡበትን ቅደም ተከተል አትቀላቅል፤ የትኛው ሲሊንደር እንደታመመ የሚነግሩህ እነሱ ናቸው። ጫፉ ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ጤነኛ ነው። ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት ነዳጅ መብዛቱን ያሳያል። ጥቁርና ዘይታም ከሆነ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው፤ ያኔ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሮቹን ግፊት) አስለካ።

ካንዴላው የሚቀመጥበትን ጉድጓድም በባትሪ መብራት እየው። እንደ አንተ ባሉ ሞተሮች የቫልቭ ክዳኑ ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽገው ጎማ) ሲያረጅ ዘይት ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። ዘይቱ የገመዱን ጎማ ያበላሻል፣ እሳቱም መንገድ ይስታል። ብዙ ሰው ካንዴላ ቀይሮ "አልሠራም" የሚለው ጓርኒሲዮኑን ስለሚተው ነው። የአዲሱን ካንዴላ ክፍተት የመኪናዋ መመሪያ እንደሚለው አድርግ፤ ብዙ ጊዜ ከ0.8 እስከ 1.1 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ ነው። ተራውን ግዛ። ኢሪዲየም ዕድሜው ረጅም ነው እንጂ ለዚህ ሞተር ጉልበት አይጨምርም።

ፈጣኑ፦
ካታሊስቱን አስቀድዶ ውስጡን ባዶ ማድረግስ? ብዙ ሰው ያደርገዋል። ነፃ ነው።

ፍሬን ያዢዋ፦
አታድርገው። ያ ሁሉ መርዝ ለሚከተልህ መኪናና ለእግረኛው ይተርፋል። በብዙ አገር በሕግም የተከለከለ ነው። ጤነኛ ካታሊስት የዚህን ሞተር ጉልበት የሚቀንሰው እዚህ ግባ በማይባል መጠን ነው፤ የሚያደክመው የተደፈነው ነው።

የኮሮላው ልጅ፦
ገብቶኛል። ስፖርቱን ተውኩት፤ ተራውን ማርሚታ እንዲገጥም ነግሬዋለሁ። ካንዴላ፣ ገመድና ጓርኒሲዮን እገዛለሁ። ካታሊስቱ ግን ውድ ነው። እሱን ለጊዜው ትቼ ብነዳስ?

ሚኒሞ፦
በመጀመሪያ ምን ያህል እንደቀረው እወቅ። ከካታሊስቱ በፊት ያለውን ኦክስጅን ሴንሰር ፈትተህ በቦታው የግፊት መለኪያ ታስገጥማለህ። ሞተሩን በ2500 ዙር ያዘው። ከ3 ፒኤስአይ በላይ ካነበበ አሁንም ተደፍኗል፤ ሳትቀይር አትንዳ። ዝቅ ካለ ካንዴላውን ሠርተህ ገንዘብ እስክታጠራቅም ልትነዳ ትችላለህ። ግን የቀረው ሸክላም እየተፈረፈረ አዲሱ ማርሚታ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ድንገት ከደከመችብህ ሌላ ቦታ አትፈልግ።

ሴንሰሩን ስትመልስ በደንብ አጥብቀው። ከሴንሰሩ በፊት ቧንቧው ካፈተለከ አየር ይገባና ሴንሰሩ "ነዳጅ አነሰ" ብሎ ያነባል። ኮምፒውተሩም ነዳጅ ይጨምራል። እንደገና ቤንዚን ትበላለች።

ሦስተኛ ማርሽ፦
የተረፈህ ገንዘብ ካለ ጥሩ ጎማና አዲስ የፍሬን ዘይት አስቀድም። የፍሬን ዘይት ከአየር ውሃ ይጠጣል። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ አይፈላም፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬንህ ይላላል። በየሁለት ዓመቱ መቀየር ጥሩ ነው። ትልልቅና ከባድ ቸርኬ ግን አትግዛ፤ አነሳሷን ያዘገየዋል።

ሩቅ መንገድ፦
የኮሮላው ልጅ፣ ምን ላይ ደረስክ? ከሠራህ በኋላ ከ40 ወደ 80 ስንት ሰከንድ እንደፈጀባት ንገረን።

ቦቢና፦
ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት ነበረ?

አዲስ ገቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የኔም ዳገት ላይ እንዲሁ ትደክማለች። ግን የኔዋ ስረግጣት ዙሩ ይጨምራል፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ ፍጥነቱ አይጨምርም። ማንዋል ናት። ማርሚታውን ላራግፈው?

ሚኒሞ፦
አይ፣ ያንተ ሌላ ነው። ዙር እየጨመረ ፍጥነት ካልጨመረ የሚንሸራተተው ፍሪሲዮን ነው። ሜዳ ላይ በከፍተኛ ማርሽ በዝግታ እየነዳህ ቤንዚኑን አንዴ አጥብቀህ ርገጠው። ዙሩ ፍጥነቱን ጥሎ ብቻውን ከዘለለ ዲስኩ አልቋል ወይም ዘይት ነክቶታል። ከመፍታትህ በፊት ግን የፍሪሲዮን ፔዳሉ ነፃ መንቀሳቀሻ መኖሩን እይ። ኬብሉ በጣም ከተወጠረ ደህና ዲስክም ይንሸራተታል፤ እሱ ደግሞ በማስተካከል ብቻ ይድናል።