ጥቆማ፦ የወረዳ ሪፖርት ተራውን ጠብቆ እንዲጫን ፔንታሆ፣ ክሮን ወይስ ኤርፍሎው?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦ ከመንዝ፣ ከአንኮበርና ከሸዋሮቢት በየወሩ የሚላኩ የኤክሴል ፋይሎች ፖስትግሬስ (ዳታቤዝ) ውስጥ ይገባሉ። መጀመሪያ የወረዳ ዝርዝር፣ ቀጥሎ ጤና ጣቢያዎች፣ ከዚያ ሪፖርቱ። ፔንታሆ (ዳታ አንስቶ የሚጭን ፕሮግራም) ላይ በአንድ ትራንስፎርሜሽን (የሥራ ፋይል) ከላይ ወደ ታች ቢደረደሩም ሪፖርቱ እየቀደመ የፎሪን ኪ ስህተት (የሚጠቅሰው መዝገብ ገና አልገባም የሚል) ይመጣል። ማሽኑ 8 ጊጋ ራም ነው፤ መብራትም ይጠፋል።

መላሽ (ሸዋሮቢት)፦ ትራንስፎርሜሽን ውስጥ ስቴፖቹ (እያንዳንዱ ንዑስ ሥራ) ሁሉ የሚነሱት እኩል ነው። ማን ከላይ እንደተቀመጠ አያይም፤ ቀስቱም ዳታው የሚፈስበትን እንጂ ተራን አያሳይም። ለሦስት ትራንስፎርሜሽን ከፍላችሁ በአንድ ጆብ (ትራንስፎርሜሽኖችን በተራ የሚያስነሳ ፋይል) አስከትሏቸው። ጆብ ካላዘዛችሁት በቀር አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን አይጀምርም። በመሃል ያለው ቀስት አረንጓዴው ይሁን፣ ‹ከተሳካ ብቻ› ማለት ነው። የቁልፍ ምልክት ካለበት ግን ያለፈው ቢከሽፍም ይቀጥላል።

ሌላ (ደብረ ሲና)፦ ‹ስቴፖቹ እስኪጨርሱ አግድ› የሚለው ስቴፕስ? ፋይል ማብዛት ምን ያደርጋል?

መላሽ (ሸዋሮቢት)፦ እሱ ወጥመድ አለው። በሁለት ስቴፖች መካከል ያለው ቋት በነባሪ 10,000 ረድፍ ነው የሚይዘው። አንድ ምንጭ ሙሉ ዳታውን ለሁለት ቅርንጫፍ ሲልክና አንደኛው ቅርንጫፍ ሲታገድ የዚያ ቋት ይሞላል፣ ምንጩ ይቆማል፣ የሚጠበቀውም ቅርንጫፍ ዳታ ስለማያገኝ አይጨርስም። በ200 ረድፍ ሲሞከር ሸጋ ነው። 12,000 ሲሆን ያለ ምንም የስህተት መልእክት ተገትሮ ይቀራል።

ሌላ (ደብረ ብርሃን)፦ ሊኑክስ ከሆነ ጆቡን ክሮን (ሥራን በተቀጠረለት ሰዓት የሚያስነሳ መሣሪያ) ያስነሳው፣ ሦስቱን ግን በሦስት ሰዓት አትለያዩአቸው። ክሮን ሰዓት እንጂ የቀደመው ማለቁን አያውቅም። ስክሪፕት ከሆኑ በአንድ መስመር በ && አያይዟቸው፣ የፊተኛው ከተሳካ ብቻ ቀጣዩ ይነሳል። ሰዓቱም ያሳስታል፦ የእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ለክሮን 2 ነው፤ ሰርቨሩ በዩቲሲ (ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ከተቀመጠ ደግሞ 23።

ሌላ (መሀል ሜዳ)፦ ኤርፍሎው (የብዙ ሥራዎችን ተራ የሚመራ ፕሮግራም) ለሦስት ሥራ ይከብዳል። ዊንዶውስ ላይ በቀጥታ አይሄድም፤ በዶከር (ፕሮግራምን ለብቻው ከልሎ የሚያስኬድ መሣሪያ) ሲጫን ለብቻው ቢያንስ 4 ጊጋ ራም ይፈልጋል። ተራውን በ >> መጻፉ ግልጽ ነው፣ ድጋሚ ሙከራው ግን በነባሪ 0 ስለሆነ ራሳችሁ ካልሞላችሁት አይደግምም። ሥራው ሃያ ሠላሳ ሲደርስ እንነጋገር።

መላሽ (ሸዋሮቢት)፦ ለመብራቱ፦ የወሩን ሪፖርት አጥፍቶ መልሶ መጫኑ በአንድ ትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም ይጸናል ወይ ምንም አይለወጥም) ይሁን። መሃል ላይ ከጠፋ የድሮው ሳይነካ ይቆያል፣ ጆቡን ከመጀመሪያው ማስነሳት ነው።