ዳኛ ይሾም ወይስ ይመረጥ?

ጠያቂው፦
የአካባቢ ፍርድ ቤት ዳኛን ማን ያስቀምጠው? መንግሥት ይሹመው ወይስ ሕዝብ ይምረጠው? እኔ ይመረጥ ባይ ነኝ። የቀለብ፣ የኪራይ፣ የውርስ ጉዳያችንን የሚያየው እሱ ነው። የሿሚውን ፊት እያየ የሚፈርድ ዳኛ ፊት መቆም አልፈልግም። በድምፄ ካመጣሁት በድምፄ አወርደዋለሁ።

ባለካባው፦
ወንድሜ፣ ምርጫ ገንዘብ ይፈልጋል። ገንዘቡን የሚሰጠው ማነው? ፍርድ ቤት ጉዳይ ያለው ሰው ነዋ! በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ አንድ የድንጋይ ከሰል ኩባንያ 50 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት። ይግባኙ ሳይታይ የዳኞች ምርጫ ደረሰ። የኩባንያው ኃላፊ አንዱ ዕጩ እንዲያሸንፍ 3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አወጣ። ዕጩው አሸነፈ። ይግባኙ ሲቀርብ "ከችሎት ይነሱልን" ተባለ፤ እምቢ አለ። ፍርዱ 3 ለ 2 ተሻረ፤ ከሦስቱ አንዱ እሱ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት "መነሳት ነበረበት" ያለው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ ያውም 5 ለ 4። እስቲ ኩባንያውን በከሰሰው ሰው ቦታ ሁን። ዓመታት ተመላልሰህ፣ ማስረጃህን አሟልተህ ስትቀርብ፣ ከመንበሩ ላይ በባላጋራህ ገንዘብ የተመረጠ ሰው ተቀምጧል።

ጠያቂው፦
ይሄ የገንዘብ ጥፋት እንጂ የምርጫ አይደለም። ለዘመቻ ወጪ ጣሪያ ይበጅለት።

ሚዛን፦
እሺ፣ ገንዘቡን እንተወው። መራጩስ ዕጩውን ያውቀዋል? ሜክሲኮ በጁን 2025 ዳኞቿን በሕዝብ አስመረጠች። ለፌዴራል ቦታዎች ብቻ ቀለማቸው የተለያየ 6 ወረቀት ነበር። መራጩ የዕጩዎቹን ቁጥር እያየ ሳጥን ውስጥ ይጽፋል። የወጣው ከ100 መራጭ 13 ያህሉ ነው። ያ ሁሉ ስም ለማን ይታወሳል? የፓርቲ ካድሬ በያዘልህ ዝርዝር ትመርጣለህ፣ አለቀ።

ባለካባው፦
ለዚህ ነው ይሾም የምለው።

ሚዛን፦
ቆይ፣ እኔ ሹመትን አልደገፍኩም። በዝግ በር የሚሾም ዳኛ ውለታው ለአንድ ሰው ነው፤ ያ ደግሞ ይብሳል። የአሜሪካዋ ሚዙሪ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ የያዘችው መንገድ ይሻለኛል። ኮሚሽን ዕጩዎች ይለያል፣ የግዛቲቱ ገዥ ከነሱ አንዱን ይሾማል፣ ሕዝብ ቆይቶ "ይቀጥል" ወይም "ይውረድ" ይላል።

ጠያቂው፦
አየህ፣ መጨረሻው ያው ድምፅ ነው!

የችሎት ታዳሚ፦
ሁላችሁም ስለ ዳኛው አመጣጥ ነው የምታወሩት። እኔን የሚያሳስበኝ ከተቀመጠ በኋላ ማን እንደሚያየው ነው። በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ግዛት ውስጥ ሁለት ዳኞች ከግል የወጣቶች ማረሚያ ቤት ጋር ተያይዞ ገንዘብ ሲቀበሉ ተደረሰባቸው። ሁለቱም ሕዝብ የመረጣቸው ናቸው። አንዲት ታዳጊ የትምህርት ቤቷን ምክትል ርዕሰ መምህር የሚቀልድበት ገጽ በኢንተርኔት ከፈተች። ፍርዷ ደቂቃዎች ብቻ ፈጀ። 3 ወር ተባለች፣ ከችሎቱ በቀጥታ ወሰዷት። ጠበቃ አልነበራትም። እናቷ ያለ ጠበቃ ትቅረብ የሚል ወረቀት ላይ ፈርማ ነበር፤ ምን እንደፈረመች ማን አስረዳት? በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ፍርድ ተሰረዘ። መራጩ ይህን ከየት ያያል? የሚያየው ከልጁ አጠገብ የቆመ ጠበቃ ነው። ስለዚህ ለልጆች ያለ ጠበቃ ችሎት አይቀጥል በሉልኝ። ይሾም ይመረጥ የሚለውን ከዚያ ወዲያ እመጣበታለሁ።

ጠያቂው፦
በዚህስ አልከራከርህም። ግን ዳኛው ጠበቃውን አልሰማ ሲል ማን ያነሳዋል? ጥያቄዬ አሁንም እዚያው ነው።