አብያታ ሐይቅ «ይመለሳል» ለምትሉን

የባቱ ልጅ፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ አንድ ወንድማችን «ሐይቅ ይሸሻል፣ ይመለሳል፤ አብያታም ይመለሳልና ጩኸት አታብዙ» ብሎ ጻፈ። ሲከነክነኝ አደረ። በየት በኩል ነው የሚመለሰው? አብያታ ውሃ የሚያገኘው ከዝዋይ ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖ ሐይቅ በሆራ ቀሎ ወንዝ ነው። ቡልቡላን ከላይ ጠጥተን ጨርሰን «ይመለሳል» ምን የሚሉት ነው?

ኢንጂነር፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። አብያታ መውጫ የለውም፣ ጥልቀትም የለውም። ዝናብ ሲያጥር ይሸሻል፣ ሲበዛ ይሞላል። ጎረቤቱ ሻላ 266 ሜትር ስለሚጠልቅ ነው ድርቅ የማይታይበት።

የባቱ ልጅ፦ ድሮ የውሃ መሳቢያ ሞተር ነበረ? ከመቂ እስከ ባቱ ሐይቁ ዳር ሂድና እይ። ቲማቲሙም ሽንኩርቱም በሞተር ነው የሚጠጣው። የአበባ እርሻውም አለ። አብያታ ግማሽ ያህሉን ያጣው በዝናብ ብቻ ነው?

ገበሬው፦ ቆይ! ሁሌ ጣት የሚቀሰረው ሽንኩርት ላይ ነው። እኔ ልጆቼን የማስተምረው በዚያች ሞተር ነው። የሶዳ አሽ (የመስታወትና የሳሙና ግብዓት) ፋብሪካው ከራሱ ከአብያታ ውሃ ስቦ በገንዳ ሲያተን ማን ምን አለው?

ወፍ ወዳጅ፦ ሻላ ደሴት ላይ የሚፈለፍሉት ፔሊካኖች ድሮ የሚበሉት ከአብያታ ነበር። ጨዉ ሲበረታ ዓሣው አለቀ። አሁን ለጫጩቶቻቸው ምግብ ፍለጋ እስከ ዝዋይ ይበራሉ። ዳርቻውን የረገጠ ያውቀዋል። ነጭ ቅርፊት ነው፣ ደረቅ ይመስላል። እግር ሲያርፍበት ከሥሩ ጭቃው ይውጣል። «ይመለሳል» የሚል ሰው እዚያ ቆሞ ይንገረኝ።

ሐረርጌ፦ ሐረማያ ሐይቅም እኮ ደርቆ ነበር። አሁን ውሃ ይዟል። ኢንጂነሩ ልክ ነው።

የባቱ ልጅ፦ ሐረማያ ሲደርቅ ከሱ ትጠጣ የነበረችው ሐረር ምን እንደሆነች ረሳኸው? ከድሬዳዋ በኩል ቧንቧ ተዘርግቶላት እኮ ነው።

ሐረርጌ፦ ስለ ሐረር ጥም እኔን አታስተምረኝ። ጀሪካን ይዤ የተሰለፍኩት እኔ ነኝ!

ወፍ ወዳጅ፦ ታዲያ የተጠማ ሰው እንዴት «ይመለሳል» ይላል? የሚመለሰው እስኪመለስ ዓሣውና ወፉ ምን ይብላ?

የባቱ ልጅ፦ በዓባይ ጉዳይ ሁላችንም አንድ ነን። ከታችኛው ተፋሰስ ጋር በፍትሐዊነት እንካፈል እንላለን። እዚህ ዝዋይ የላይኛው ነው፣ አብያታ የታችኛው። ፍትሐዊነቱ የታለ?

ኢንጂነር፦ ዓባይን እዚህ አታስገባ! ያ የአገር ጉዳይ ነው።

የባቱ ልጅ፦ አብያታ የማን አገር ነው? 12 ተፋሰስ እያለን ስለ አንዱ ብቻ ነው የምናወራው።

ኢንጂነር፦ እንደ ባለሙያ ልንገርህ፣ ዝዋይን የሚሞሉት የመቂና የቀታር ወንዞች ናቸው። እነሱ ከቀነሱ ቡልቡላም ይቀንሳል። ሽቅብ ሄደህ ተራራው ላይ ደን ትከል።

ገበሬው፦ ደኑንም እንተክላለን። ሞተሬ ላይ ቆጣሪ ይገጠም ካላችሁም አልጠላም። ግን ከአበባው ይጀመር።

ሐረርጌ፦ አበባው ስንት ሺህ ሰው ቀጥሯል። እሱን ዘግታችሁ ልጆቹን ወዴት ልትሰዷቸው ነው?

ገበሬው፦ ማን ይዘጋ አለ? ቆጣሪ ነው ያልኩት። አንብበህ መልስ።