ሳይዘንብ የሚመጣ ጎርፍ፦ ሰዉ ይነሣ ወይስ ውሃው ይገደብ?

ብሎክ 9፦
ሰላም ጎረቤቶች። ታናሽ ወንድሜ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ሬስቶራንት ይሠራል። ትናንት ቪዲዮ ላከልኝ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ጠብታ ዝናብ የለም። ግን ኪንግ ስትሪት የሚባለው መንገድ ወንዙ ጋ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ውሃ ተኝቷል፣ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ደግሞ ከወንዙ በኩል ብቻ አይደለም የሚመጣው፣ ከማንሆሉ ወደ ላይ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል። ወንድሜ እግሩን በፌስታል ጠቅልሎ የደጁን ወንበሮች ወደ ውስጥ ያስገባል። ፖቶማክ ወንዝ ይባል እንጂ እስከ ዋሽንግተን ድረስ ከባሕሩ ጋር አብሮ ይሞላል፣ አብሮ ይጎድላል። እንዲህ ባሉ ከተሞች ያለው ክርክር ታዲያ ይኼ ነው፦ በሕዝብ ገንዘብ ግንብና ፓምፕ ይሠራ ወይስ ዳር ያለው ሰው ካሣውን ይዞ ይነሣ? እኔ ይነሣ ባይ ነኝ። እናንተስ?

ባለሱቁ፦
ወንድሜ ጤነኛ ነህ? ቱሉ ዲምቱ ላይ፣ ከባሕር 2,000 ሜትር በላይ ተቀምጠን፣ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ እየጠበቅን፣ ስለ አሜሪካ የውሃ ብዛት እንከራከር? ሃሃሃ። ባሕር ድሮም ይሞላል፣ ድሮም ይጎድላል። የጨረቃ ሥራ ነው።

ጋሼ ባሕርተኛው (ብሎክ 3)፦
ግማሹን ልክ ብለሃል ልጄ። ምጽዋ ባሕር ኃይል ሳለሁ፣ ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወለድ ውሃው ከፍ እንደሚል ማንም ምልምል ያውቅ ነበር። በሁለቱም ጊዜ ፀሐይና ጨረቃ በአንድ መስመር ሆነው ይስባሉ። ያን ሰሞን ጨረቃዋ ለምድር ቀርባ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። የቀይ ባሕር ሙላት ከውቅያኖሶቹ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፣ ቢሆንም የጀልባ ገመድ ስታስር ሙላቱን ካላሰብክ ጠዋት ጀልባህን ተንጠልጥላ ታገኛታለህ፤ እኔ አንዴ እንዲህ አድርጌ የሰማሁት ስድብ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። እና ጨረቃዋ ያችው ናት። ያኔ መንገድ ላይ የማይወጣው ውሃ አሁን ለምን ወጣ ነው ጥያቄው።

ሲቪሏ መሐንዲስ (ብሎክ 14)፦
ጋሼ ጨረሱልኝ። ልጅ በርጩማ ላይ ቆሞ አስቡት። ቁመቱ ያው ነው፣ በርጩማው ግን ከፍ ብሏል፤ ስለዚህ ድሮ የማይነካውን መደርደሪያ አሁን ይነካል። የዓለም ባሕር እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 2018 ድረስ በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሏል። ፍጥነቱም ጨምሯል፦ እስከ 1971 ድረስ በዓመት 1.3 ሚሊ ሜትር ነበር፣ ከ2006 እስከ 2018 ግን 3.7 ደርሷል። ባሕር ሲሞቅ ያብጣል፣ የየብሱ በረዶ ደግሞ እየቀለጠ ይጨመርበታል።

ወንድምህ ያለበት አካባቢ ይባስ ብሎ መሬቱም ይሰምጣል። በበረዶው ዘመን ሰሜን አሜሪካ ላይ የተከመረው በረዶ መሬቱን ሲጫነው ዳር ዳሩ፣ እነ ቨርጂኒያ ማለት ነው፣ ተነሥቶ ነበር። ፍራሽ ላይ ስትቀመጡ ጎኑ ብቅ እንደሚለው። በረዶው ከቀለጠ ሺህ ዓመታት አልፈዋል፣ ያበጠው ግን እስካሁን ቀስ እያለ እየወረደ ነው። ዋሽንግተን ያለው የውሃ መለኪያ ከ1924 ወዲህ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ጭማሪ ያሳያል።

ባለሱቁ፦
20 ሴንቲ እኮ አንድ ስንዝር ነው! በስንዝር ከተማ ይነሣል?

ሲቪሏ፦
የሱቅህ ደረጃ በስንዝር ዝቅ ቢል ኖሮ አምና ክረምት ስንት ኩንታል ስኳር ይሟሟብህ ነበር?

ባለሱቁ፦
እሺ በቃ፣ እሱን አታንሺብኝ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ውሃ ዳር ቤት ያለው ማነው? ባለገንዘብ አይደል? ወንድምህ ራሱ የሚከራየው ከወንዙ ራቅ ብሎ ነው፣ ባለፈው ነግረኸኛል። ታዲያ እሱ በላቡ የከፈለው ግብር ለባለ ቪላው ግንብ ለምን ይሆናል? መስኮቱን ከፍቶ ወንዝ ለማየት የከፈለ ሰው ወንዙ ሲገባበት ራሱ ይቻለው።

ብሎክ 9፦
እኔም ይነሣ የምለው ለዚሁ ነው።

የብሎክ 21 እናት፦
ልጆቼ፣ «ይነሣ» ማለት ለአፍ ይቀላል። እኔ ከመሐል ከተማ ተነሥቼ ነው እዚህ የመጣሁት። ካሣ አልተሰጠኝም አልልም፣ ተሰጥቶኛል። ግን የከፈሉኝ የግድግዳዬን ነው። የ30 ዓመት ዕድሬንስ? ማታ ቤቴን ሳንኳኳ «ማነው» ሳትል የምትከፍትልኝን ጎረቤቴን? እሷን ሰሚት ጣሏት፣ እኔን እዚህ። ባሏ ሲሞት የሰማሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ውሃ ዳር ያለው ሁሉ ደግሞ ባለ ቪላ አይደለም፣ ዓሣ አጥማጅም አለ፣ የወንድምህ ዓይነት አስተናጋጅም አለ። ግንብ መሥራት ከተቻለ ይሠራ።

ጋሼ ባሕርተኛው፦
እትዬ እውነትዎን ነው። ሆላንዶች እ.ኤ.አ. በ1953 ባሕሩ በአንድ ሌሊት ገብቶ 1,836 ሰው ፈጀባቸው። አልሸሹም፣ ግድብ በግድብ ላይ ሠሩ። የጣሊያኗ ቬኒስም ኅዳር 2019 ላይ ውሃው 187 ሴንቲ ሜትር ደርሶባት ነበር፣ ከ1966 ወዲህ ያልታየ ነው። በዓመቱ፣ ጥቅምት 2020 ላይ፣ ከባሕሩ ሥር የሚነሡትን በሮች ለመጀመሪያ ጊዜ አውጥተው ሙላቱን ውጭ አስቀሩት።

ሲቪሏ፦
ጋሼ፣ ቬኒስ ያንን በር መገንባት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፣ የፈሰሰበትም በቢሊዮን የሚቆጠር ዩሮ ነው። በሩ ሲዘጋ መርከብ ይቆማል። ባሕሩ ከፍ ባለ ቁጥር የሚዘጋበት ቀን ይበዛል። አሌክሳንድሪያስ እሺ፣ ሀብታም አገር ውስጥ ናት። ጃካርታስ? እሷን በዋናነት ያሰመጣት ከሥሯ የሚሳበው የጉድጓድ ውሃ ነው፤ ግንብ ብታቆምም ግንቡ አብሮ ይሰምጣል። ኢንዶኔዥያ በ2019 ዋና ከተማዬን ወደ ሌላ ደሴት አዛውራለሁ ያለችው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው። አቃቂ ላይ የጉድጓድ ውሃ ስለምንጠጣ እንዳትደነግጡ፣ የእኛ መሬት ሌላ ነው፣ ጃካርታ ለስላሳ ደለል ላይ ነው የተቀመጠችው።

ብሎክ 9፦
እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ፊጂ ውስጥ ቩኒዶጎሎዋ የሚባል መንደር ባሕር እየገባበት ስላስቸገረ እ.ኤ.አ. በ2014 ተነሣ። ግን የተነሡት እንደ እኛ ተበትነው አይደለም። መንደሩ እንዳለ፣ ጎረቤት ከነጎረቤቱ፣ የራሳቸው መሬት ላይ ከፍ ወዳለው ቦታ ነው የወጡት። እንዲህ ቢሆንስ?

የብሎክ 21 እናት፦
እንዲህ ከሆነማ እኔም እነሣ ነበር። ዕድሩን ይዞ መነሣት ሌላ ነው።

ሹፌሩ (ብሎክ 6)፦
አሜሪካና ፊጂ ደረሳችሁ፣ አቃቂ ወንዝ ዳር ያሉትንስ? ክረምት በመጣ ቁጥር ሌሊት ልጅ አዝለው ሲወጡ አያለሁ። ድሬዳዋ በእኛ አቆጣጠር በ1998 ደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደው። ለእነሱስ ግንብ ነው ካሣ?

ሲቪሏ፦
የዝናብ ጎርፍ ሌባ ነው፣ ቀን አይቆርጥም። የባሕር ሙላት ግን ቀኑና ሰዓቱ በሰንጠረዥ ቀድሞ ይታወቃል። ለዚህ ነው የአሌክሳንድሪያ ሰው የማይነሣው፤ ወንበሩን ያስገባል፣ ይጠብቃል፣ ጭቃውን ይጠርጋል፣ መልሶ ይከፍታል። ለምዶታል። ንፋስ ከገፋው ግን ከሰንጠረዡም በላይ ይመጣል፣ እዚያ ላይ ነው መዘናጋቱ የሚያስፈራኝ። አቃቂ ዳር ያለው ይነሣ፣ ካሣውም ግድግዳ ብቻ አይቁጠር። በዚህ ከእትዬ ጋር ነኝ።

ባለሱቁ፦
እኔ አሁንም ባለ ቪላው ራሱ ይክፈል ባይ ነኝ። ለአቃቂዎቹ ግን መዋጮ ከተባለ አለሁ።

ብሎክ 9፦
ወንድሜ አሁን ጻፈልኝ። ውሃው ሸሽቷል፣ ጭቃውን እየጠረገ ነው። አለቃው ነገ 50 ደቂቃ ዘግይተህ ግባ ብሎታል፣ ሙላቱ በየቀኑ በዚያን ያህል ይዘገያል።

የብሎክ 21 እናት፦
ቦቲ ይግዛ በለው። በፌስታል ስንት ቀን ይዘልቀዋል?

ባለሱቁ፦
እኔ ጋ አለ። ቁጥር ስንት ነው?