የልጄ የደም ውጤት ላይ «ኤች» ተጽፏል፣ የምታውቁ ባስቸኳይ!

የማሙሽ እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ነኝ። ልጄን ሁለት ቀን ሲያተኩሰው ዛሬ ጠዋት ክሊኒክ ወሰድኩት፣ ደም ሰጠ፣ ወረቀቱን አሁን ተቀበልኩ። ያዘዘው ሐኪም ምሳ ወጥቷል፣ መቼ እንደሚመለስ የሚነግረኝ የለም። ነጭ የደም ሴል 12.4 ኤች፣ ሊምፎሳይት 60% ኤች፣ ኒውትሮፊል 31% ኤል ይላል። ስልኬ ላይ ብፈልግ «የደም ካንሰር» የሚል መጣብኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። የመሐል ሜዳ መኪና 8 ሰዓት ይወጣል፤ አገሬ ልግባ ወይስ አዲስ አበባ ይዤው ልሂድ?

ጣርማበር ጉም፦ አይዞሽ እህቴ። አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ግዢለት። የእኔም ልጅ እንዲሁ ሆኖ በሦስተኛው ቀን ድኗል።

ቆሎ በኪሴ፦ የብርድ ልብስ አገር ሆነን በብርድ የምናልቅ እኛ ብቻ ነን። በዚህ ውርጭ የማን ሊምፎሳይት ነው የማይነሳው?

መምህር ዘደብረ ሲና፦ በመጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። ነጭ የደም ሴል አንድ ነገር አይደለም፤ ኒውትሮፊል፣ ሊምፎሳይት፣ ሞኖሳይት፣ ኢኦሲኖፊልና ባሶፊል የሚባሉ አምስት ዓይነቶች አሉት። ሁሉም ከአጥንት መቅኔ ይፈልቃሉ። ኒውትሮፊል እንደ ደቦ ነው፤ ባክቴሪያ የገባበት ቦታ ቀድሞ ይደርሳል፣ ይውጣል፣ እዚያው ይሞታል። መግል የምንለው በአብዛኛው የእሱ ሬሳ ነው። ሊምፎሳይት ግን ሰው በፊቱ እንደሚለይ ሽማግሌ ነው። ሁለት ዋና ዓይነት አለው፦ ቢ ሴል ጀርሙን የሚይዝ አንቲቦዲ የሚባል ፕሮቲን ያመርታል፤ ቲ ሴል ቫይረስ የገባበትን የራሳችንን ሴል ለይቶ ይገድላል። ቲ ሴል የሚሠለጥነው ከደረት አጥንት ጀርባ ባለችው ታይመስ ውስጥ ነው፤ እሷም በልጅነት ትልቅ ሆና ከዕድሜ ጋር ትሟሽሻለች። አንዴ የተዋወቁትን ጀርም የሚያስታውሱ ሴሎች ይቀራሉ፤ ክትባትም የሚሠራው በዚሁ ነው። ቀጥሎ ስለ ሞኖሳይት...

ቆሎ በኪሴ፦ መምህር፣ ይቅርታዎን፣ ሴትዮዋ ክሊኒክ በር ላይ ቆማለች። ደወል ይደወል!

ላብራቶሪ ሰው፦ ዕድሜው ስንት ነው?

ጣርማበር ጉም፦ አሞክሳሲሊን አልኩ እኮ። ጠዋትና ማታ።

የማሙሽ እናት፦ 1 ዓመት ከ8 ወር። ምነው፣ ለውጥ አለው?

ላብራቶሪ ሰው፦ ዋናው እሱ ነው እንጂ! ማሽኑ «ኤች» (ከፍ ያለ) እና «ኤል» (ዝቅ ያለ) የሚለጥፈው ከተሞላለት ልኬት ጋር አስተያይቶ ነው፤ ብዙ ጊዜ የተሞላው ደግሞ የአዋቂ ነው። ለአዋቂ ነጭ የደም ሴል ከ4 እስከ 11 ሺህ ገደማ ነው፤ በልጅሽ ዕድሜ ግን ጤነኛ ልጅ ላይ እስከ 17 ሺህ ይገኛል። ሊምፎሳይትም ልጅ በተወለደ በቀናት ውስጥ ከኒውትሮፊል በልጦ እስከ 4 ወይም 5 ዓመት ይቆያል፣ ከዚያ ይገለበጣል። ኒውትሮፊሉንም በፐርሰንት አትዪው። 12.4 ማለት 12.4 ሺህ ነው፤ የ12,400 31% ሲወጣ 3,800 ገደማ ነው፤ ማሳሰብ የሚጀምረው ከ1,500 ሲወርድ ነው። ሄሞግሎቢኑንና (ኦክስጅን ተሸካሚውን) ፕላትሌቱን (ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን) ጻፊልኝ።

የማሙሽ እናት፦ ሄሞግሎቢን 12.9፣ ፕላትሌት 310። ምልክት የለባቸውም።

ላብራቶሪ ሰው፦ ሁለቱም ደህና ናቸው። የደም ካንሰር ሲሆን መቅኔው ስለሚጣበብ ብዙውን ጊዜ እነዚህም ይወርዳሉ። ሐኪሙን ግን ጠብቂ፤ እኔ ያየሁት ቁጥር ነው፣ ልጁን አይደለም።

አልስማማም ባይ፦ እኔ ደግሞ ጥያቄሽ ራሱ አልገባኝም። ስለ ወረቀቱ ይህን ሁሉ ጻፍሽ፣ ስለ ልጁ ግን ከትኩሳት ሌላ አንድ ቃል የለም። አሁን እንዴት ነው?

የማሙሽ እናት፦ አሁንማ ብስኩት ይዞ የሰው ጫማ እየጎተተ ነው። አፍንጫው ግን ይፈሳል።

የመንዝ ነርስ፦ እልል በይ! አሞክሳሲሊን የምትሉ ሰዎች እባካችሁ ተዉ፤ ጉንፋን ቫይረስ ነው፣ አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። ሐኪሙ አይቶ ካላዘዘ አትግዢ። ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ሳያለቅስ ትንፋሹ በአንድ ደቂቃ 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ የገባውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከፈዘዘ ግን መኪናውን ትተሽ ሆስፒታል ሩጪ። የክትባት ካርዱንም እዪው፤ ኩፍኝ በ9 እና በ15 ወር ነው፣ ሁለተኛውን የሚረሱ ብዙ ናቸው።

የአያት ምክር፦ ፌጦ በማር አድርገሽ አቅምሺው፣ ሌላ አያሻም።

የመንዝ ነርስ፦ እማማ፣ ማሩስ እሺ፤ እሱም 1 ዓመት ላልሞላው አይሰጥም። ፌጦ ግን ለዚህ ሕፃን ጉሮሮ አይሆንም።

የማሙሽ እናት፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሐኪሙ መጣ መሰለኝ፣ እነግራችኋለሁ።

ጣርማበር ጉም፦ እህቴ፣ ነጋ እኮ። ምን አለሽ?

አንጎለላ፦ እኔም በዚሁ ልጠይቅ። የልጄ ኢኦሲኖፊል 11% ኤች ይላል። ካንሰር ነው?

ላብራቶሪ ሰው፦ ኢኦሲኖፊል ብዙ ጊዜ የሚጨምረው በአንጀት ትላትልና በአለርጂ ነው፤ ሰገራ ይመርመር። ዕድሜስ?