የዕቅድ ውይይት፦ ከሰፈሩ መጻሕፍት መደብር ጋር የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በማኅበራችን ስብሰባ እንደተስማማነው የጋራ ሐሳባችንን እዚህ እንቅረጽ። ብዙዎቻችን ሐዘን ሲደርስብን፣ ከሥራ ስንወጣ ወይም ከሕመም ስናገግም እግራችን ወደ መጻሕፍት መደብሩ ወስዶናል። መጽሐፍ ለመግዛት ብቻ አይደለም፤ ሰው ፍለጋም ነው። እስካሁን በአጋጣሚ ሲሆን የኖረውን ነገር አሁን በዕቅድ ብናደርገውስ? የመጀመሪያው ረቂቄ ይህ ነው። በሳምንት አንድ ምሽት፣ መደብሩ ከተዘጋ በኋላ፣ «የሐዘንተኞች የንባብ ቡድን» ይሰብሰብ። የሚፈልግ ሰው ቀድሞ ይመዝገብ። የሚነበቡትም የሥነ ልቦና ምክር መጻሕፍት ይሁኑ። ሳትሳሱ አስተያየት ስጡ።

ነርሷ አባል፦
ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ አካሄዱን ግን አልወደድኩትም። በሩ ላይ «የሐዘንተኞች ቡድን» ብለን ከለጠፍን የሚመጣው ሐዘኑን አፍ አውጥቶ መናገር የቻለ ሰው ብቻ ነው። ሌላው አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። በሥራዬ በየቀኑ የማየው ይህንን ነው። ክሊኒክ ስትገቡ ካርድ ታወጣላችሁ፣ «ምን ሆናችሁ ነው?» ትባላላችሁ። መጻሕፍት መደብር ውስጥ ግን አንድ መጽሐፍ አንስቶ ግማሽ ሰዓት የቆመን ሰው ለምን መጣህ የሚለው የለም። የቦታው ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው። በመዝገብ አናበላሸው።

ጡረታ የወጡ መምህር፦
ሲስተር፣ እውነትሽን ነው። ነገሩ ራሱ ጥንታዊ ነው። ዲዮዶሮስ የተባለው የጥንት ግሪክ ታሪክ ጸሐፊ በግብፅ ስለነበረ አንድ የንጉሥ ቤተ መጻሕፍት ሲተርክ፣ ቦታው የነፍስ መፈወሻ ነው የሚል ጽሑፍ እንደነበረበት ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ1916 ደግሞ ሳሙኤል ክሮዘርስ የሚባል አሜሪካዊ ቄስና ደራሲ በአንድ መጽሔት ላይ «ቢብሊዮቴራፒ»፣ ማለትም በመጻሕፍት ማከም፣ የሚለውን ስም አወጣለት። በዚያው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን ለቁስለኛ ወታደሮች ሆስፒታል ድረስ መጻሕፍት ይላኩ ነበር።

እኔን የሚማርከኝ ግን ሊቨርፑል ያለው ዘ ሪደር የተባለ ድርጅት የሚሠራበት መንገድ ነው። ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። መሐል ላይ ይቆማል። መናገር የፈለገ ይናገራል፤ ያልፈለገ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ቀድሞ አንብቦ መምጣት አይጠበቅበትም። የሚነበበው ልብ ወለድና ግጥም ነው፤ የምክር መጽሐፍ አይደለም። እኔም በዚህ እስማማለሁ። በታሪኩ ውስጥ ልጇን ስላጣች እናት የሚናገር ሰው ብዙ ጊዜ ስለ ራሱም እየተናገረ ነው። ግን ማንም አላፋጠጠውም። በፈለገበት ሰዓት «ስለ እሷ ነው የማወራው» ብሎ ማፈግፈግ ይችላል። የምክር መጽሐፍ ይህን መሸሸጊያ አይሰጥም።

አንዲት አባል፦
ጋሼ እንዳሉት ይሁን። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ማንበብ ጭራሽ አቅቶኝ ነበር። አንዱን መስመር ደጋግሜ አየዋለሁ፣ አይገባኝም። ሰው ቤቴ እየመጣ ያጽናናኛል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሲወጡ ግን ቤቱ ይብስበታል። መደብር ስሄድ ባለ መደብሩ ስላነበበው ነገር ያወራኝ ነበር። ሐዘኔን አያነሳብኝም። አንዳንዴ ደስ ያለውን ገጽ ገልጦ ያነብልኛል። በዓይኔ መከተል ያቃተኝን በጆሮዬ መከተል ቻልኩ። ስለዚህ ረቂቁ ላይ አንድ ነገር ይግባልኝ፦ ማንበብ ያቃተው ሰውም ቦታ አለው ይባል።

ገንዘብ ያዥ፦
ሁሉም ያምራል፤ ግን መደብሩ የሚኖረው ሸጦ ነው። ወንበሩን ሞልተን ማንም ሳይገዛ ከወጣን በደግነታችን እናዘጋዋለን። ሲልቪያ ቢች የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1919 ፓሪስ ውስጥ የከፈተችው መደብር መጽሐፍ ይሸጥም ያከራይም ነበር። በ1930ዎቹ ሊዘጋ ሲል ወዳጆቿ ማኅበር አቋቁመው ዓመታዊ መዋጮ ከፈሉ። ደራስያንም መጥተው ለአባላቱ ጽሑፋቸውን አነበቡ። እኛም እንደዚያ እናድርግ። ለንባብ ሰዓቱ ማኅበሩ ከካዝናው ይክፈል። ለቡድኑ የሚያስፈልጉትን ቅጂዎችም ያለ ቅናሽ ከመደብሩ ይግዛ። ያኔ ገብቶ የተቀመጠውን ሰው «ምን ልስጥህ?» የሚለው አይኖርም።

ባለ መደብሩ (በእንግድነት)፦
ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። መደብሩ ከተዘጋ በኋላ የሚለው ባይሆን እመርጣለሁ። ሰው ተዘግቶ ወደተከፈተለት በር ለመግባት ያፍራል። በሥራ ሰዓት ይሁን፤ ሌላ ደንበኛም መጽሐፍ እያገላበጠ በጎን ይስማ። ሌላው ጭንቀቴ ነው። አንዳንድ ሰው ከባድ ነገር ይነግረኛል። አዳምጣለሁ፤ ከዚያ ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም። እኔ ሻጭ ነኝ።

ነርሷ አባል፦
ጋሼ፣ እስካሁን ያደረጉት ራሱ ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ላይ ሦስት ነገር አለ፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ለዚህ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። እርስዎ ሁለቱን ይዘውታል። የጎደለው ማገናኘቱ ነው። በአካባቢው የሚገኙ የአእምሮ ጤና አገልግሎቶችን ዝርዝር አጣርቼ አዘጋጃለሁ፤ ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ ይቀመጥ። ለእርስዎና ለሚያነቡት አባላት አጭር ሥልጠና እሰጣለሁ።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ላስምርበት። ሰው መኖር እንደሰለቸው ከተናገረ ራሱን ስለ ማጥፋት እያሰበ እንደሆነ በቀጥታ ይጠየቅ። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም። ብቻውን አይተው፤ ወደ ባለሙያ ይወሰድ። ሌላው ደግሞ ረቂቃችን እናክማለን ብሎ ቃል አይግባ። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ንባብ አገኘሁ ብሎ መድኃኒቱን እንዳያቆም እፈራለሁ።

ወጣት አባል፦
ለደጋፊዎች የሚሆን ማስረጃ ላክልበት። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ አንድ ትንተና 148 ጥናቶችን አሰባስቦ ነበር፤ ከ300,000 በላይ ሰዎች የተካተቱበት ነው። ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይህን መጀመሪያው ገጽ ላይ እናድርገው። በየሳምንቱ ፎቶ እያነሳን ብንለጥፍም ብዙ ሰው ይመጣል።

አንዲት አባል፦
ፎቶ ከተነሳ እኔ አልመጣም።

ወጣት አባል፦
ገባኝ፣ እናቴ። ፎቶው ይቅር።

ጡረታ የወጡ መምህር፦
ቁጥሩ ይግባ፤ በቦታው ግን ይሁን። ጥናቱ ስለ ሰው የሕይወት ትስስር እንጂ ስለ ንባብ ምሽት አይደለም። ደጋፊ ሲያነበው የእኛ ቡድን ዕድሜ ያስረዝማል ያልን እንዳይመስለው። የእኛን ውጤት በሌላ መንገድ እንይ። ሰው ተመልሶ ይመጣል ወይ? አንድ ሰው ሲቀር «የት ሄደ?» ብሎ ደውሎ የሚጠይቀው አለ ወይ? ከመደብሩ ውጭስ መገናኘት ጀመሩ ወይ? እነዚህን በሦስተኛው ወር ራሳቸውን ተሳታፊዎቹን እንጠይቅ፤ ስም ሳይጻፍ።

ጸሐፊ፦
የመጀመሪያውን ረቂቅ ትቼ እንደገና ጽፌዋለሁ፦

«ማኅበራችን ከሰፈሩ መጻሕፍት መደብር ጋር በመሆን በሳምንት አንድ ቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ ለማንኛውም ሰው ክፍት የሆነ የጋራ ንባብ ሰዓት ያዘጋጃል። ምዝገባ የለም። መግዛት ግዴታ አይደለም። ፎቶ አይነሳም። አጭር ልብ ወለድ ወይም ግጥም ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበባል፤ መናገርም ዝም ማለትም ይቻላል። ማንበብ ያቃተው ሰው በማዳመጥ ይሳተፋል። ሰዓቱ ሕክምና አይደለም፣ ሕክምናንም አይተካም። አንባቢዎቹና ባለ መደብሩ የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይወስዳሉ፤ የአገልግሎት መስጫዎች ዝርዝርም በመደብሩ ይቀመጣል። ማኅበሩ የሰዓቱን ክፍያና የመጻሕፍቱን ዋጋ ይሸፍናል። ሙከራው ሦስት ወር ይቆያል።»

ነርሷ አባል፦
በሰዓቱ የሰማነውን ሌላ ቦታ አናወራም የሚል ይጨመር። የሰፈር ሰው ነን፤ እንተዋወቃለን። ዋናው ስጋት እሱ ነው። ሕይወት አደጋ ላይ ስትሆን ግን ዝም አይባልም፤ ይህም አብሮ ይጻፍ።

ባለ መደብሩ፦
መግቢያው ላይ ደረጃ አለ። በክራንች ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ሰው ስለሚቸገር መወጣጫ ሳንቃ አሠራለሁ። ከሰዓቱ በፊት ይደርሳል።

ገንዘብ ያዥ፦
ክፍያው በየወሩ መጀመሪያ ይሁን፤ መደብሩ እኛን እየጠበቀ ዕዳ ውስጥ እንዳይገባ። ሳንቃውንም ማኅበሩ ይቻለው።

ጸሐፊ፦
ሁሉንም ጨምሬዋለሁ። እስከ ሐሙስ ተቃውሞ ካልመጣ ዓርብ ለሥራ አመራር ኮሚቴው አስገባለሁ። መምህር፣ ለመጀመሪያው ወር የሚነበቡትን እርስዎ ቢመርጡልን።

ጡረታ የወጡ መምህር፦
በደስታ። ሁሉም የሐዘን ጽሑፍ እንዳይሆን ግን የሚያስቅም እቀላቅላለሁ።